ትክል ድንጋይ ነው ያሉት

እኔ ድንጋይ የምወድ ሰው ነበርኩ። ሌላው ኳስ ይወዳል፣ ሌላው ጫት ይወዳል፤ እኔ ደግሞ አሮጌ ግንብ፣ የዛገ የበር ማጠፊያ፣ ሙጃ የዋጠው የቤት መሠረት ሳይ ልቤ ይቀልጣል። ሾላ ገበያ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ዛሬ ተገዝቶ ነገ የሚሰነጠቅ ባልዲና ሳፋ ስሸጥ ስለምውል ይሆናል የቆየ ነገር የሚያምረኝ። ስሜ ኢብራሂም ነው፤ ገበያው ግን ኢብሮ ይለኛል። ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው።

ይህን ፍቅሬን የሚጋራኝ ሰው ያገኘሁት በስልክ ነው። «ጥንታዊት ቦሌ» የሚባል ግሩፕ ነበረን። አባላቱ የወላጆቻቸውን አልበም እያገላበጡ የድሮ ፎቶ ይለጥፋሉ፤ የድሮ ካርታ ከስልክ ካርታ ጋር እያስተያዩ «ይኼ ሞል የቆመው የእነ እገሌ ገብስ ማሳ ላይ ነው» ይባባላሉ። አንዱ የጠፋ ምንጭ ሲያነሳ ሌላው «ኧረ እኔ ውሃ ቀድቼበታለሁ» ይላል። ደንበኛ ሲጠፋ እሱን ሳነብ እውላለሁ። እሱን ሳነብ የሄደብኝ ደንበኛም ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ሊፈርስ የተቃረበ የቪላ በር ፎቶ አንስቼ ብለጥፍ አድሚኑ «ኢብሮ፣ የእኛ አርኪኦሎጂስት!» ብሎ ጻፈልኝ። ለባለቤቴ እንደ ዲፕሎማ አሳየኋት። «አርኪኦሎጂስቱ፣ ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ግባ» አለችኝ።

አድሚኑን ዳግም ልበለው። ትክክለኛ ስሙን አልጽፍም፤ ለእሱ ብዬ ሳይሆን ስሙን ስጽፍ እጄ እንዳይቆሽሽ ነው። ኪሱ የበዛ ሰደርያ ይለብሳል፣ አንገቱ ላይ አጉሊ መነጽር ያንጠለጥላል። ራሱን «ዜጋ ተመራማሪ» ይላል፤ ግሩፑ ደግሞ «ፕሮፍ» ይለዋል። የት እንዳስተማረ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። ንግግሩ ጥሩ ነበር፣ ያወቀ ይመስል ነበር፣ እኛም የሚያውቅ ሰው ናፍቆን ነበር።

አንድ ሐሙስ አንድ ፎቶ ለጠፈ። ሁለት ድንጋዮች ከወደ ታች ተነስተው፣ ከኋላቸው ሰማዩ ቀልቶ፣ ሰው የሚያክሉ መስለው ቆመዋል። ከሥሩ «አዲስ አበባ ውስጥ ትክል ድንጋይ! ከቦሌ ለሚ ማዶ! እሑድ አብረን ሄደን ታሪክ እንሠራለን» ይላል። ግሩፑ በልብና በእሳት ምልክት ተጥለቀለቀ። እኔማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሑድ ጠዋት አትላስ ተገናኘን። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሆነን ነበር። መሐንዲስ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ፤ ሁሉም ጨዋ ሰው ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ሊዲያ ናት፤ የግሩፑን ቪዲዮ የምትቀርጸው እሷ ነበረች። መንገዱን ሙሉ ስንሳሳቅ ሄድን። ፕላስቲክ ሻጭነቴን አንስተው «ከሺህ ዓመት በኋላ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው ያንተ ባልዲ ነው» ብለው ሲቀልዱብኝ እኔም ከልቤ ሳቅሁ። እነዚህን ሰዎች እወዳቸው ነበር። አሁን ሳስበው የሚያቅለሸልሸኝ አንዱ ይኼ ነው።

ፋብሪካዎቹን አልፈን፣ ኮንዶሚኒየሞቹን አልፈን፣ መኪና መሄድ ሲያቅተው ወርደን በእግር ወደ ወንዙ አቅጣጫ ቁልቁል ሄድን። የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ የሞላበት ተዳፋት ላይ ዳግም ቆመና እጁን ዘረጋ።

«ይኸው!»

ድንጋዮቹ ጉልበቴ አይደርሱም። ፎቶው መሬት ላይ ተተኝቶ የተነሳ ነበር ማለት ነው። ሁለት ያልተጠረቡ፣ ጽሑፍም ምልክትም የሌለባቸው ድንጋዮች፣ መሃላቸው ትንሽ እብጥ ያለ አፈር። ዙሪያው ሳሩ ታጭዷል፤ አንድ ሰው ይንከባከበዋል።

«ዳግም» አልኩ፣ «ይኼ እኮ መቃብር ነው።»

«ጎበዝ! ትክል ድንጋይ ታዲያ ምን መስሎሃል? መቃብር ነው!» ሰዉ ሳቀ።

«የሙስሊም መቃብር ነው እያልኩህ ነው። አንዱ የራስጌ ነው፣ አንዱ የግርጌ። አባቴን እንዲሁ አድርገን ነው የቀበርነው።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ኢብሮ፣ ሁሉን ነገር ወደ ሃይማኖት አታምጣብን እንጂ። ግሩፑ ከፖለቲካና ከሃይማኖት ነፃ ነው፤ ሕጉን ታውቀዋለህ።»

«እውነቱን ነው» አሉ ጡረተኛው አስተማሪ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ዘመን ሰው መሃል «ሃይማኖት አታምጣ» ከተባልክ አፍህ ይያዛል። እውነት ይዘህ እንኳ ጥፋተኛ ትመስላለህ።

ዳግም ወደ ሊዲያ ስልክ ዞረ። «ድንጋዮቹ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ነው የቆሙት። ይህ ምን ያሳያል? የፀሐይ አምልኮ! የመሃላቸው ርቀት አጭር ነው። ይህስ ምን ያሳያል? ሕፃን! ለፀሐይ የተሠዋ ሕፃን ሊሆን ይችላል።»

«ጋይስ፣ ሰማችሁ አይደል?» አለች ሊዲያ ስልኳን ወደ ራሷ አዙራ። «ሊትራሊ ለፀሐይ የተሠዋ ሕፃን! ሼር አድርጉ፣ ላይቭ ላይ ነን!»

አንባቢዎቼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሟችን የምንቀብረው በቀኝ ጎኑ አስተኝተን፣ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ አዙረን ነው። ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፤ ያ ቦታ ላይ ቆሞ ለሚያይ በየካ ተራራ በኩል። ፊቱ ወደ ሰሜን እንዲዞር ራሱ ምሥራቅ፣ እግሩ ምዕራብ ይሆናል። በቃ፤ ፀሐይ ምን አገባት? ይህን ሰፈራችን ያለ የሰባት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ሚኒባስ ሙሉ የተማረ ሰው ውስጥ ግን አንድም «እስቲ ሰውዬውን እንስማው» ያለ አልነበረም።

ዳግም የጠራቸው ሁለት ጎረምሶች ዶማና አካፋ ይዘው መጡ። አርኪኦሎጂ በብሩሽ ነው ሲባል ነበር የምሰማው። ፊታቸው ቆምኩ።

«ባለቤት አለው! ሳሩ ታጭዷል፤ አታዩም? ጠይቄ እስክመጣ ጠብቁኝ!»

ዳግም ሰዓቱን አየ። «ሂድና ጠይቅ፤ ማን ከለከለህ?»

ሊዲያን እጇን ያዝኳት። «እህቴ፣ አንቺን አምኜ ነው የምሄደው። እስክመለስ እንዳይነኩት።»

«ቃሌ ነው ኢብሮ፣ ዶንት ዎሪ» አለችኝ፤ ዓይኔን እያየች።

ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁ። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለች አንዲት ሱቅ ገብቼ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ እታች ያለው መቃብር የማን እንደሆነ ጠየቅኩ። ባለ ሱቋ ዳቦ እየቆጠረች ነበር። እጇ ላይ ያለውን ዳቦ አስቀመጠች።

«የእማማ ከድጃ ልጅ ናት፣ ሰዓዳ። ምነው?»

«እየቆፈሯት ነው።»

«ማን?»

ምን ብዬ ልመልስ? ታሪክ ወዳዶች ልበል? «ሰዎች» አልኩ።

እማማ ከድጃን ከብሎኩ ጀርባ ልብስ ሲያጥቡ አገኘናቸው። ስነግራቸው አልጮኹም። ከሳፋው ተነሱ፣ አረፋ የያዘ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉና ቀድመውኝ መንገድ ጀመሩ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ክንዳቸውን ያዝኳቸው። እየሄዱ ያወሩኝ ነበር፤ ዝም ካሉ የሚወድቁ ይመስል።

«አምስት ዓመቷ ነበር። ያኔ እዚህ ሁሉ እርሻ ነው፤ እኛ ጥቂት ሙስሊሞች ነበርን፣ እዚያች ዳርቻ ላይ ነበር የምንቀብር። ኋላ ቤቱ ሊሠራ ነው ሲባል ሁሉም የየራሱን ሰው አጽም አንስቶ ሄደ። የእኔዋ ጫፍ ላይ ናት፤ ‹ያንቺን ግንባታው አይነካትም፣ ከፈለግሽ ግን አንሺ› አሉኝ የቀበሌ ሰዎች። ያረቢ፣ ልጄን ሁለት ጊዜ አፈር ማልበስ አቃተኝ። ተዋት አልኩ።»

«አብሽሩ እማ፣ እንደርሳለን» አልኳቸው። እንደማንደርስ እያወቅኩ አልነበረም የተናገርኩት። የሊዲያን ቃል አምኜ ነበር።

አልደረስንም።

አፈሩ ወጥቶ ተቆልሏል። ከአፈሩ በታች የነበሩት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተነስተው እንደ ተራ ንጣፍ ድንጋይ ጎን ተደርድረዋል። ዳግም ጉድጓዱ አጠገብ በርከክ ብሎ የሕፃኗን ራስ በመዳፉ ይዞ ለስልኩ ያሳያል፤ ሐብሐብ ሻጭ ለደንበኛ እንደሚያገላብጥ እያገላበጠ። በሌላ እጁ ጣት ጥርሶቿን ይነካል። «የወተት ጥርስ ነው፣ ተመልከቱ፣ እዚህ ጋ ዙም አድርጊው» ይላል። ሊዲያ ዙም ታደርጋለች። ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ አንገቱን ያሰግጋል። መሐንዲሱ ሙዝ እየበላ ነበር። በሕይወቴ በሰው ተናድጄ አውቃለሁ፣ ሰው ጠልቼ አውቃለሁ፤ ሰው ያስጠየፈኝ ግን ያን ቀን ነው።

እማማ ከድጃ ራቅ ብለው ቆሙ። ጉድጓዱን አላዩም፤ የዳግምን ፊት ነበር የሚያዩት።

«አንተ» አሉ፣ «ያ ውሃ ያጠጣሁህ ልጅ አይደለህም?»

ዳግም ቀና አለ። ፊቱ ሲቀየር አየሁት።

«በቀደም መጥተህ ጠየቅኸኝ። የልጄ ናት አልኩህ። ስሟን ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ። ‹ነፍሷን ይማር› አልከኝ። አላልከኝም?»

ዳግም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ይቅርታ፣ ላይቭ ላይ ነን» አላቸው።

ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«እርሳቸው ያሉትን እንደ አፈ ታሪክ ይዤዋለሁ» አለ። «ግን ሕዝቡ የሚለው ሌላ፣ ሳይንስ የሚለው ሌላ ነው። ማረጋገጥ ነበረብን።»

ሊዲያ ስልኳን ወደ ራሷ መለሰች። «ጋይስ፣ ኔትወርክ እያስቸገረን ነው፣ ቆይተን እንመለሳለን፣ ላቭ ዩ!» ብላ ዘጋች። ከዚያ ስልኳን ኪሷ ከታ መሬት መሬት ማየት ጀመረች።

«አስቀምጣት» አልኩት ዳግምን። አላስቀመጠም፤ ወዴት እንደሚያስቀምጣት ግራ ገብቶት ነበር መሰለኝ። ስጮህበት ጉድጓዱ ውስጥ ወርውሮ ለቀቃትና እጁን በሱሪው ጠረገ። ገፋሁት፤ ኪሳም ሰደርያውን ይዤ ነው የገፋሁት። ማንም አልተከላከለለትም፣ ማንም ግን እኔን አልደገፈም። አንድ ባንድ ወደ መኪናው አቅጣጫ ማፈግፈግ ጀመሩ፤ ዝናብ እንደመጣበት ሰው። አስተማሪው በእማማ ከድጃ አጠገብ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አነሱ። ካንዱ ጎረምሳ አካፋውን ስነጥቀው «የአጎቴ ነው እኮ» አለኝ።

ሦስታችን ቀረን፤ እኔ፣ እማማ ከድጃና ተከትላን የመጣችው ባለ ሱቅ። እማማ ከድጃ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፣ በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ስለ ውስጡ ብዙ አልናገርም፤ የእሷ ነው፣ የማንም አይደለም። አጥንቶቿ ትንንሽ ናቸው። የከፈኗ ብጣሽ አፈር ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። አንዱ ቦታ የዳግም ጫማ ዱካ ነበር፣ በመዳፌ አጠፋሁት።

«ልጄ» አሉ እማማ ከድጃ ዞር ሳይሉ። «ፊቷ ወደ ቂብላ ነው?»

አየሁ። ያ ሰው እንደወረወራት ወደ ሰማይ ተንጋላለች፤ ትንሿ አገጯ ጎን ወድቋል።

«አፈሩን ልጥረግ እማ፤ ትንሽ ይጠብቁኝ» አልኩ።

ቢስሚላህ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኳት። እንደዚያ ቀላል ነገር ይዤ አላውቅም። አገጯን መለስኩላት፣ በቀኝ በኩል አስተኛኋት፣ ፊቷን ወደ የካ ተራራ አዞርኩ። እንዳትመለስ ከጀርባዋ አፈር ደገፍኩላት። ደግሜ አስተካከልኩ።

«አዎ እማ» አልኩ። «ወደ ቂብላ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አባቷ ነው ያኔ ያዞራት። እጁ ጥሩ ነበር።»

አዎ አልኳቸው።

ጠፍጣፋዎቹን ድንጋዮች መለስን፣ አፈሩን መለስን፣ ከቁርአን የማውቀውን ቀራሁ። ሲያልቅ እማማ ከድጃ ተነስተው ራስጌ ወደቆመው ድንጋይ ሄዱ። የሚያስተካክሉት መስሎኝ ነበር። አቅፈው ይነቀንቁት ጀመር።

«እማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እሱ ነው ያስጠቆመብኝ። ይነቀል።»

«ምልክት ሳይኖር እንዴት…»

«ለእኔ ምን ምልክት ያስፈልገኛል? እኔ ወለድኳት። አንተም አሁን ታውቃታለህ። ለሌላ ሰው ምን ይሠራለታል? በል አግዘኝ።»

ሁለቱንም ነቅለን ወንዙ ዳር ወሰድናቸውና ከሌላው ድንጋይ ጋር ጣልናቸው። ስንመለስ እማማ ከድጃ እብጠቱን በእግራቸው ደልድለው ሳር ነጭተው በተኑበት። ድንጋዮቹ የቆሙበትን ቦታ እኔ እንኳ ዞር ብዬ ሳየው ለመለየት ተቸገርኩ።

እዚህ ላይ አልቆ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቤት ገብቼ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩና ለግሩፑ ሁሉን ጻፍኩ። ደቂቃ አልቆየም፤ ተሰርዞ እኔም ተባረርኩ። ቪዲዮው ግን እማማ ከድጃ ከመምጣታቸው በፊት ያለው ብቻ ተቆርጦ፣ ሙዚቃ ተደርጎለት ወጣ። «የቦሌዋ የፀሐይ ልጅ» ነው ርዕሱ። ሰው «ማንነታችን!» እያለ ያለቅሳል፣ ልብ ይልካል፤ ሙዝ በላተኛው መሐንዲስ ሳይቀር ልብ ልኳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ መጣ። ዳግም ሌላ ቡድን ይዞ ሄዶ፣ ጉቶ በሞላበት ተዳፋት ላይ ድንጋዮቹንም የመቃብሩንም ቦታ አጣቸው። ፎቶዬን ከሱቄ ፊት አንስቶ «የቅርስ ሌባ» ብሎ ለጠፈው።

ይኸው አሁን ገበያ ውስጥ «ኢብሮ፣ ድንጋዩን ለማን ሸጥከው?» የማይለኝ የለም። የሚቀልድ አለ፤ የእውነቱን የሚጸየፈኝም አለ። አንዲት የዘወትር ደንበኛዬ ሳፋ መርጣ፣ ስታየኝ መልሳ አስቀምጣ ወጥታለች። ባለቤቴ «መልስ ስጣቸው እንጂ!» ትላለች። እንዴት ልመልስ? ስለ መቃብሩ የጻፍኩት እንደሆነ «እሺ፣ ማስረጃው የታለ? ቦታውን አሳየን» ነው የሚሉኝ። ካሳየኋቸው ሰዓዳን ሦስተኛ ጊዜ አፈር ማልበስ ሊመጣ ነው። ይህን እንኳ ስጽፍላችሁ ስሞችን ለውጫለሁ፤ የወንዙንም አቅጣጫ እንዳትከተሉት።

ታሪክ አትውደዱ አልላችሁም። እኔም አሮጌ በር ሳይ ልቤ አሁንም ይቀልጣል፤ አሁን ግን በሩን አንኳኩቼ ማን እንዳለ እጠይቃለሁ፣ የሚመልሱልኝንም አምናለሁ። ስልካችሁ ላይ አንድ ሰው አጥንት ይዞ «ጥንታዊ ነው» ሲላችሁ ልብ ከመላካችሁ በፊት፣ ከስልኩ ጀርባ ውሃ ያጠጣችው እናት አለች ብላችሁ አስቡ። ይህን ያህል ማሰብ የሚያቅተው ሰው ስንት እንደሆነ ማየቴ ነው እስካሁን ያልለቀቀኝ።

እማማ ከድጃ በቀደም ሱቄ መጥተው ነበር። «ስምህን አጠፉት አሉኝ» አሉ። «እኔ ወጥቼ ልናገርልህ?»

«ይተውት እማ» አልኳቸው።

እሳቸው እንደወጡ ስልኬ ጮኸ። ዳግም ነው። «ኢብሮ» ይላል መልእክቱ፣ «የድሮ ወዳጅነታችን ይቅደም። ትክክለኛ ቦታውን ብቻ ጠቁመኝ፣ ፎቶህን ዛሬውኑ አነሳልሃለሁ፣ ሌባ አይደለም ብዬም እጽፍልሃለሁ።»

ደንበኛ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አስጠበቅኋትና መልስ ጻፍኩለት።

«ድንጋዮቹን የሰረቅኩት እኔ ነኝ። የት እንደነበሩ ግን ረስቻለሁ።»